መጸውን በደሎ መና መቀበል፦ ቀልብን ለመሰብሰብ የሚረዳ መመሪያ

መስከረም ሲጠባ አብዛኛው የአገራችን ሰው የሚጠብቀው ሰማይ አንድ ዓይነት ነው። ደመናው ይገፈፋል፣ ወንዙ ይጎድላል፣ ጭቃው ይጠነክራል፣ አደይ አበባ ሜዳውን ያለብሰዋል። በሸዋ፣ በጎጃምና በጎንደር ደጋ ይህ ያለ ነው። ይህን ሰማይ በልቡ ይዞ በባሌ ቆላ ወዳለችው ደሎ መና የሚወርድ ሰው ግን ዝናብ ይቀበለዋል። የባሌ ደቡባዊ ቁልቁለትና ቆላ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘንብለታል፤ አንዱ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር። ሌላው አገር ጃንጥላውን ሲሰበስብ የደሎ መና ሰው ይዘረጋል።

ይህ መመሪያ የተሰናዳው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው በዚህ ወቅት ከሮቤና ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሐረና ደንና ወደ ደሎ መና መውረድ የሚችል፣ ጥቂት ቀን አግኝቶ ራሱን ማሳረፍ የሚፈልግ ሰው ነው። ሁለተኛው ሩቅ ሆኖ፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ የወቅቱን መለወጥ ሳያስተውለው የሚያልፍበት ሰው ነው። ለሁለቱም የምንለው አንድ ነው፤ ዓይን ጨፍኖ ሐሳብን ባዶ ለማድረግ መታገል ብዙ ሰው ያደክማል፣ ዝግ ያለ የእጅ ሥራ ግን ቀልብን ያለ ትግል ይሰበስባል። ደሎ መና በመጸው እንዲህ ያለ ሥራ ሞልቶታል።

መጀመሪያ ወቅቱን ይወቁት

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት መስከረም 25 ያበቃና መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። የወርኃ ጽጌ ጾምና ማኅሌት የሚጀመረውም በዚያው በመስከረም 26 ነው። በኦሮሞ ዘንድ ወቅቱ ብራ ይባላል፤ የኢሬቻ ምስጋናም ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ይከበራል። ሁለቱም ለወቅቱ መግቢያ ምስጋና አስቀምጠውለታል።

ባሌ ውስጥ ደግሞ ገበሬው የራሱ አቆጣጠር አለው። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለውን የእርሻ ጊዜ ጋና፣ ከነሐሴ ወዲህ ያለውን ቦና ይለዋል። የቦናው ስንዴና ገብስ የሚታጨደው ወደ ታኅሣሥና ጥር ነው። ስለዚህ በጥቅምት በሲናና ሜዳ ሲያልፉ ስንዴው ገና አረንጓዴ ሆኖ ቢያገኙት አይደነቁ፤ ኮምባይነር የሚገባበት ቀን አልደረሰም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ወቅቱን የሚወስነው ከፍታ ነው። ሮቤ በ2,500 ሜትር አካባቢ፣ ጎባ በ2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። ከጎባ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ ወጥቶ የሳነቴን አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ይሻገራል፤ ከመንገዱ አጠገብ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ በሪራ በኩል፣ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ አልፎ፣ በሐረና ደን ውስጥ ቁልቁል ይወርድና 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ደሎ መና ያደርሳል። ጠቅላላው ርቀት 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በየመቶ ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚለዋወጥ በሳነቴና በደሎ መና መካከል 16 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል። በግማሽ ቀን ጉዞ ከውርጭ ወደ ሙዝ አገር ይገባሉ።

1. ቀኑን ይምረጡ

ቡና ሲለቀም ማየት ከፈለጉ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ ይያዙ። ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያስፈልግዎታል፤ አንዱን ለጎባ ወይም ለሮቤ፣ ሁለቱን ለደሎ መና። ጠዋት ወርዶ ማታ መመለስ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን እንዲህ የሄደ ሰው የሚያስታውሰው መንገዱን ብቻ ነው።

ከመነሣትዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ፤ ከዝናብ በኋላ በደኑ ውስጥ ያለው መንገድ ጭቃ ይይዛል፤ ሁኔታውን ጎባ መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮች ከማንም በላይ ያውቁታል። ሁለተኛ፣ የአካባቢውን ጸጥታ፤ ይህን ከአገሬው ሰው ወይም ከወረዳው ይስሙ። የሚያሰጋ ነገር ይዞ የሄደ ሰው ቀልቡ አይሰበሰብም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ቆም ብለው ሊጎበኙ ከሆነ ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዲንሾ፣ ወደ ሮቤ ሲመጡ በመንገድዎ ላይ ነው። የመግቢያውን ክፍያ እዚያው ፈጽመው ማለፍ ከኋላ መመለስን ያስቀራል። ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

2. ገላዎን ያዘጋጁ

ያልተመቸው ገላ ልብን አያሳርፍም። ይህ ክፍል አሰልቺ ቢመስልም አይዝለሉት።

- ለሳነቴ ወፍራም ጃኬት ወይም ጋቢ፣ የጆሮ መሸፈኛ ያለው ኮፍያና ጓንት ይያዙ። በደመቀ ፀሐይም ቢሆን ነፋሱ ይቆርጣል፤ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።
- ለደሎ መና ስስ ልብስ፣ የዝናብ ልብስና ጭቃ የሚችል ጫማ ይያዙ። ነጠላ ጫማ ቡና ጫካ ውስጥ አያስኬድም።
- አጎበር አይርሱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በቆላው የወባ ጊዜ ነው፤ ደሎ መናም ወባ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው። የሚያድሩበት ቤት አጎበር ከሌለው የራስዎን ይዘርጉ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ቢሰማዎ የት እንደነበሩ ነግረው ይመርመሩ።
- ከአዲስ አበባ ቢመጡም በ4,000 ሜትር ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያጋጥም ይችላል። ውኃ ይጠጡ፣ አይሩጡ፣ በዕለቱ አልኮል አይቅመሱ። ከባሰብዎ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

3. የመጀመሪያውን ሌሊት ደጋ ላይ ይደሩ

ሮቤ ወይም ጎባ ማደር ሳንባዎን ከከፍታው ጋር ያስተዋውቀዋል። ለልብም ይጠቅማል፤ ከረጅም መንገድ የመጣ ሰው አሳቡ ገና መሪ እንደያዘ ነውና።

ማታ ላይ አንድ ሥራ ብቻ ይሥሩ። ስልክዎን ከመዝጋትዎ በፊት ለቤተሰብና ለሥራ ባልደረባ «እስከ እንዲህ ያለ ቀን አልገኝም» ብለው ይላኩ። መልእክት ይደርሰኝ ይሆን እያሉ የሚጠብቁ ከሆነ ስልኩ ቢዘጋም አእምሮዎ አልተዘጋም። ከዚያ አንድ ትኩስ ነገር ይያዙ፤ የገብስ ገንፎ፣ ወይም ጩኮ ካገኙ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት። ደጋው የገብስ አገር ነው፤ ምግቡም ብርዱን የሚያውቅ ነው። ቀስ ብለው ያላምጡ፣ በጊዜ ይተኙ።

4. ሳነቴ ላይ ሞተሩን ያጥፉ

ጠዋት ከጎባ ሲነሡ መንገዱ በጥድና በኮሶ፣ ከዚያም በአስታ መካከል ይወጣል። ዛፉ አልቆ ሜዳው ሲገለጥ መኪናው ዳር ይያዝ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ሙዚቃው ይዘጋ። ከዚያ እንዲህ ያድርጉ፦

መጀመሪያ ጆሮዎን ብቻ ይጠቀሙ። ነፋሱን፣ ከዚያ በነፋሱ ሥር ያለውን ድምፅ ይፈልጉ። ለጥቂት ደቂቃ ምንም አይናገሩ።

ቀጥሎ እስትንፋስዎን ይከተሉ። አየሩ ስስ ስለሆነ ሳይፈልጉም ትንፋሽዎ ይሰማዎታል፤ በቆላ ለማስተዋል የሚያስቸግረው ነገር እዚህ በራሱ ይመጣል። በአፍንጫ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ከሳቡበት ጊዜ ረዘም አድርገው ያውጡ። አሥር ጊዜ ያህል ይበቃል።

በመጨረሻ ዓይንዎን አንድ ነገር ላይ ያሳርፉ። ጅብራን እንመክራለን። ይህ ተክል ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ያድግና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ ዘንግ አውጥቶ ያብባል፤ ፍሬውን ከሰጠ በኋላ ይደርቃል። ገና ያላበበውን፣ ያበበውንና የደረቀውን ጎን ለጎን ያገኟቸዋል። ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ቅጠሉን ቀረብ ብለው ይመልከቱ፤ ጠል እንዴት እንደሚይዝ ያያሉ።

ቀይ ቀበሮ ካዩ ከመኪና አይውረዱ፣ አያባርሩ፣ ምግብ አይጣሉ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የሚወልዱበት ጊዜ ስለሆነ ጉድጓዳቸው አጠገብ የሰው እግር አያስፈልግም። ዝም ብሎ ለሚጠብቅ ሰው ቀበሮው ራሱ ትዕይንት ያሳያል፤ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ ድርቅ ብሎ ይቆማል። ሲያድን ማየት ባይሆንልዎ እንኳ ሲጠብቅ ማየት ይበቃል።

በአምባው ትናንሽ ሐይቆች ላይ ዳክዬዎችን ካገኙ ከፊሎቹ በዚህ ወቅት የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሽሽት የመጡ እንግዶች ናቸው። ለእነሱ የሳነቴ ውርጭ ሙቀት ነው።

5. ቁልቁለቱን በየከፍታው እየቆሙ ይውረዱ

ከሳነቴ ወደ ሐረና የሚወርደው ገደላማ መንገድ የአገሩን ወቅቶች በተርታ ያሳልፍዎታል። በአንድ ትንፋሽ አይጨርሱት። ቢያንስ ሦስት ቦታ ይቁሙና በየቦታው ሦስት ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፦ አሁን ምን ይሸተኛል? ቆዳዬ ላይ ምን ይሰማኛል? የትኛውን ልብስ ማውለቅ አለብኝ?

የመጀመሪያው መቆሚያ የአስታው ጫካ ነው። ዛፎቹ በዛፍ ሽበት ተሸፍነዋል፤ ጉሙ በመካከላቸው ይመላለሳል። እዚህ የሚሸተው እርጥብ አፈር ነው።

ሁለተኛው ከሪራ በታች ያለው የቀርከሃ ክልል ነው። ቀርከሃው በነፋስ ሲጋጭ ደረቅ ድምፅ ያሰማል። የባሌ ጦጣ የሚኖረው እዚህ ነው፤ ምግቡ በአብዛኛው የቀርከሃ ቅጠል ስለሆነ ከቀርከሃው ብዙ አይርቅም። ካላዩት አያዝኑ፤ ደስታዎን በአንድ እንስሳ መታየት ላይ ካሰሩት ጉዞው ፈተና ይሆንብዎታል።

ሦስተኛው ትልቁ ደን ነው። ዝግባውና ዋንዛው ሰማዩን ይሸፍኑታል፤ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ከዛፎቹ ላይ የተሰቀሉ ረጃጅም ቀፎዎች ይታያሉ። ጃኬቱ የሚወልቀው እዚህ ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በደን ውስጥ ያለ ዓላማ ቀስ ብሎ መመላለስን እንደ ጤና መንከባከቢያ በመንግሥት ደረጃ ሲያበረታቱ ኖረዋል። ሐረና ውስጥ ለዚህ የተለየ ሥልጠና አያስፈልግም፤ ከመኪናው ወርደው ግማሽ ሰዓት በእግር መውረድ ይበቃል። ከመንገዱ ግን ብዙ አይራቁ፤ ደኑ አንበሳም አለበት። የሚያውቅ የአገሬው ሰው አብሮዎት ቢኖር ይመረጣል።

በመንገድ ከብት የሚነዱ ሰዎች ያጋጥሙዎታል። የባሌ አርብቶ አደር ጎደንቱ በሚለው ሥርዓት ከብቱን እንደየወቅቱ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው ያዛውራል። ጡሩምባ አይንፉ። ሞተሩን አጥፍተው መንጋው እስኪያልፍ ይጠብቁ፤ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ ይስጡ። አዛውንቱን «ኦቦ»፣ እናቲቱን «አዴ» ማለት ያስከብራል፤ ወሬም ያስጀምራል።

6. ቀይ ቀዩን ይልቀሙ

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ነው። ከደሎ መና በላይ ባለው የሐረና ደን ቡና ራሱን ዘርቶ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል። ስሎው ፉድ የተባለው ድርጅት ሊጠበቁ ከሚገባቸው የዓለም ምርቶች አንዱ አድርጎ የመዘገበው የሐረና የጫካ ቡና ይህ ነው። ጫካ ቢመስልም ባለቤት አለው፤ የትኛው ቤተሰብ የትኛውን ክፍል እንደሚለቅም ይታወቃል። ስለዚህ ሳያስፈቅዱ አንድ ፍሬ እንዳይነኩ። አስፈቅደው «ጥቂት ላግዛችሁ» ካሉ ግን ብዙ ጊዜ እሺ ይባላሉ፤ ዘንቢልም ይሰጥዎታል።

አንድ ቅርንጫፍ ይያዙና ወደ ራስዎ ጎንበስ ያድርጉት። በዚያው በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ደማቅ ቀይና እየጠቆረ ያለ ፍሬ ተደርድሯል። ቡና አንድ ጊዜ አይቀላም፤ ለቃሚው ወደ አንዱ ዛፍ ደጋግሞ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች በእጅ መሸምጠጥ ይፈጥናል፤ ግን ያልበሰለው ከበሰለው ይቀላቀልና ጣዕሙን ያበላሸዋል፣ ዋጋውንም ይጥለዋል። ስለዚህ ቀዩን ብቻ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙ፤ ትንሽ ጠምዘዝ ያድርጉት፤ እንቡጡ ያለበትን ጉንጉን ሳይቆርጥ ይወጣል። ከቅጠሉ ላይ የቀረው ዝናብ እጅጌዎ ውስጥ ይገባል። አይቸኩሉ።

አሁን አንዱን ቀይ እሸት ለብቻው ይያዙ። ጆን ካባት ዚን የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በጀመሩት የቀልብ መሰብሰብ ሥልጠና ተማሪው መጀመሪያ የሚሰጠው አንዲት ዘቢብ ናት፤ ከመዋጡ በፊት ያያታል፣ ያሸታታል፣ በምላሱ ያንከባልላታል። እርስዎ ዘቢቧን በእሸት ቡና ይተኩ፦

- ወደ ብርሃን አንሥተው ቀለሙን ይመልከቱ፤ ቀዩ አንድ ወጥ አይደለም።
- በጥርስዎ ጫፍ ይንኩት። ልጣጩ ይከፈታል፣ ጣፋጭ የሚያዳልጥ ፈሳሽ ይወጣል።
- ሁለቱን ፍሬ በምላስዎ ይለዩ። ፊት ለፊት የሚገናኙት በጠፍጣፋ ጎናቸው ነው።
- ልጣጩንና ፍሬውን ተፍተው የቀረውን ጣዕም ይከተሉ። ቡና ቡና እንደማይል ያስተውላሉ፤ ያ ጣዕም የሚመጣው ከምጣድ ነው።

ከዚያ ወደ ለቀማው ይመለሱ። አሳብዎ ወደ ዕዳ፣ ወደ ቢሮ፣ ወደ ቅያሜ ቢሄድ አይቆጡት፤ ቀጣዩን ቀይ ፍሬ መፈለግ ራሱ ይመልሰዋል። አረንጓዴ ከቀጠፉ አሳብዎ እንደሄደ ያውቃሉ። ለቃሚዎቹ እያወሩ፣ እያንጎራጎሩ ይሠራሉ፤ እጃቸው ግን አይሳሳትም።

ማሰጫው ጋ ሲደርሱም አንድ ነገር ይለማመዱ። ቡናው ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ በቀን ብዙ ጊዜ በእጅ ይገላበጣል፤ ዝናብ ሲያስገመግም ይሸፈናል። መድረቁን የሚያውቁት አንድ እፍኝ አንሥተው ከጆሮዎ አጠገብ ሲነቀንቁት ነው፤ እርጥቡ ዝም ይላል፣ የደረቀው ጀንፈል ይንኳኳል። ደሎ መና ዝናብ ባለበት ወቅት ቡና ማድረቅ ደመና ማንበብን ይጠይቃል፤ የገላባጯ ሴት ዓይን ከሰማይ የማይነቀለው ለዚህ ነው።

7. ሦስቱንም ይጠጡ

የባሌ ቤት ከገቡ ቡና ይቀርብልዎታል። ስለሚቀጥለው መርሐ ግብርዎ አያስቡ፤ ሰዓትዎን አይመልከቱ። ፍሬው ሲታጠብ፣ ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ ጀበናው እሳት ላይ ሲቀመጥ ይመልከቱ። ምጣዱ ወደ እርስዎ ሲዞር ጭሱን በእጅዎ ወደ አፍንጫዎ ሳብ ያድርጉት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። በአቦል ተነሥቶ መሄድ ነውር ነው፤ ለራስዎም ኪሳራ ነው፤ ወሬው የሚደራው ቶና ላይ፣ ዝምታው የሚጥመው በረካ ላይ ነውና።

ዕድል ከቀናዎ ቡና ቀላ ያገኛሉ። ቡናው ከነልጣጩ በቅቤ ይጠበስና ከነቅቤው በእንጨት ገበታ ይቀርባል፤ የሚታኘክ ነው። ሽማግሌ ይመርቃል፤ የተሰበሰበው «አሜን» ይላል። የአፋን ኦሮሞው ምርቃት ባይገባዎትም አብረው «አሜን» ይበሉ። ወተትም ከቀረበልዎ ዕቃው በወይራ የታጠነ ስለሆነ መዓዛው ከወተቱ ቀድሞ ይደርስዎታል።

አካባቢው በአብዛኛው ሙስሊም ነው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ አስተናጋጅዎ ተነሥተው ሊሄዱ ይችላሉ። እርስዎም የራስዎ እምነት ካለ ያንን ጊዜ ለጸሎት ይጠቀሙበት። በቀን አምስት ጊዜ ሥራን አቁሞ መቆም፣ ወይም ማለዳ ውዳሴ ማርያም መድገም፣ ይህ መመሪያ ከሚያስተምረው ሁሉ የቆየ ልምምድ ነው።

8. ዝናቡን ሳይሸሹ ያዳምጡት

ከሰዓት በኋላ ደመናው በደኑ አናት ላይ ይከመርና ይወርዳል። ጥላ ፈልገው ይቀመጡ፤ መጽሐፍም ስልክም አይያዙ። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ፣ በኮባ ቅጠል ላይ፣ በባዶ መሬት ላይ ሲወርድ ሦስት የተለያየ ድምፅ አለው፤ ሦስቱን ለይተው ይስሙ። ሲያባራ ያዶት ወንዝ ዳር ወጣ ይበሉ። ከሐረና የሚወርደው ውኃ ከዝናቡ በኋላ ቀለሙ እንዴት እንደሚለወጥ ይመለከታሉ። ጎርፍ ስለሚደርስ ግን ዳሩን ብቻ ይያዙ፤ አይሻገሩ።

ማታ ከመተኛትዎ በፊት ሦስት መስመር ይጻፉ፦ ዛሬ ያየሁት አንድ ነገር፣ የሰማሁት አንድ ነገር፣ ያመሰገንኩት አንድ ሰው። ከሦስት መስመር አይለፉ። ከዚያ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ይወትፉና ይተኙ።

መሄድ ላልቻለ ሰው

ደሎ መና ሳይደርሱ ከዚህ መመሪያ ሦስት ነገር መውሰድ ይቻላል።

አንደኛ፣ አንድ ዛፍ ይምረጡ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ ከቤትዎ ወደ ታክሲ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ያለውን። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆመው ይመልከቱት። ወቅት የሚታየው ለሚመላለስ ዓይን ነው።

ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ቡናዎን ከጥሬው ይጀምሩ። ለቅመው፣ አጥበው፣ ቆልተው፣ ወቅጠው ያፍሉ። ጠጠሩንና የተሰበረውን ፍሬ ሲለቅሙ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ።

ሦስተኛ፣ ብርሃኑን ይከታተሉ። በባሌ ኬክሮስ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። በስቶክሆልም፣ በቶሮንቶ ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር ወገናችን ግን በዚህ ወቅት ብርሃኑ በየሳምንቱ ሲያጥርበት ያየዋል። ከብርሃን ማጠር ጋር የሚመጣው ድብርት በሕክምና ጽሑፍ ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ስንፍና ወይም የእምነት መጉደል አይደለም። በጠዋት ብርሃን ከቤት መውጣት፣ እንቅስቃሴ ማድረግ፣ ቡናን ብቻዎን ሳይሆን ከሰው ጋር መጠጣት ያግዛል። ኀዘኑና ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከነሳ፣ ወይም የመኖር ፍላጎት ካሳጣ ግን ቡናና ደን አይበቁም፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያነጋግሩ።

ከመመለስዎ በፊት

ሰው ለመረጋጋት ሄዶ የአገሬውን መረጋጋት ይዞበት መምጣት የለበትም። የለቀሙትን ለባለቤቱ ያስረክቡ። የሚገዙትን ጀንፈል ወይም ማር ከገበሬው ከራሱ፣ ሳይከራከሩ በሚገባው ዋጋ ይግዙ። ፕላስቲኩን ይዘው ይመለሱ፤ ሳነቴ ላይ የተጣለ ላስቲክ የሚያነሣው የለም። ሰው ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ይጠይቁ። ቅርንጫፍ አይስበሩ፤ ዘንድሮ ያላፈራው ለከርሞ የገበሬው እንጀራ ነው። ይህን ካደረጉ በሚቀጥለው መጸው ሲመለሱ ዘንቢሉን የሚሰጥዎ ሰው አያጡም።